ኮምፒውተራችሁ የየት አገር ሰው ነው? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት የሚታዩ ቦታዎች

አራት ኪሎ ያለችው ሱቃችን ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ቻርጀር በቻርጀር። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልላ፣ ዝናብ እየጠገበች ገባች። ላፕቶፑ ከዱባይ የመጣ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። የፕሪንተሯን ሶፍትዌር ልትጭን ስትል ግን መጫኛው በዐረብኛ ይከፈታል። ከእኔ በፊት ሁለት ቦታ አሳይታለች። ሁለቱም ቦታ የተባለችው አንድ ነው፦ «ፎርማት መደረግ አለበት።»

ፎርማት አላደረግነውም። አንድ ገጽ ገብተን አንድ መስመር ቀየርን። መጫኛውን ደግመን ስንከፍተው በእንግሊዝኛ ተከፈተ። «ይሄው ነው?» አለችኝ፣ ትንሽ የተታለለች እየመሰላት። ይሄው ነው።

ብዙ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ «አገር» የሚባል አንድ ቦታ ያለ ይመስለዋል። አንድ አይደለም። እኔ በየቀኑ የምነካካቸው ብቻ ስድስት ይሆናሉ። እርስ በርሳቸውም አይነጋገሩም፤ አንዱ ኢትዮጵያ ሲል ሌላው ዱባይ፣ ሦስተኛው ናይሮቢ ሊል ይችላል። ሶፍትዌር ደግሞ ዞሮ ሁሉንም አይጠይቅም። የሠራው ሰው የመረጠለትን አንዱን ጠይቆ በዚያው ይፈርዳል። ስለዚህ ሥራችን ይሄ ያስቸገረን ፕሮግራም የትኛውን እንደጠየቀ ማወቅ ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ

የሜኑ ስሞችን ለደንበኛ በስልክ እንደማስጽፈው በአማርኛ ፊደል ነው የማስቀምጣቸው፤ ስክሪናችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ታገኟቸዋላችሁ። የማወራው ስለ ዊንዶውስ 11 ነው። 10 ላይ ቦታቸው ትንሽ ይለያል እንጂ ሁሉም አሉ።

ስታርትን ተጫኑና «ሲኤምዲ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ሦስት ፊደል ነው። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት «ሲስተምኢንፎ» ብላችሁ ሳትነጣጥሉ ጻፉና ኢንተር በሉ። ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ረጅም ዝርዝር ያወርዳል። ከዚያ ውስጥ የምንፈልገው ሦስት መስመር ነው፦ ሲስተም ሎኬል፣ ኢንፑት ሎኬል፣ ታይም ዞን። ሎኬል ማለት የቋንቋና የአገር ምርጫ ነው። ወረቀቱ ላይ ገልብጧቸው። ኢንፑት ሎኬል የሚባለው ኪቦርዱን የሚመለከት ነው።

ታይም ዞኑ ላይ ናይሮቢ የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ዊንዶውስ ለእኛ አካባቢ የሰጠው ስም እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በነገራችን ላይ ሌሎች ሲስተሞች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የሰዓት መዝገብ አዲስ አበባን በስሟ ያውቃታል። ግን እዚያም ከናይሮቢ ጋር ነው የታሰረችው፤ ሰዓቱ አንድ ስለሆነ። ስለዚህ አገራችሁን ከሰዓታችሁ የሚገምት ፕሮግራም ካጋጠማችሁ፣ ኬንያ ውስጥ ቢያስቀምጣችሁ አይገርምም። ከስሙ ፊት ያለው ቁጥር ሲደመር 3 እስከሆነ ድረስ አትንኩት።

አደራ፣ የሐበሻ ሰዓት ለማየት ብላችሁ የኮምፒውተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደኋላ እንዳትመልሱ። እንዲህ ያደረገ አንድ ጋሼ ገጥመውኛል። ያስቀመጡት ፋይል ሁሉ ከስድስት ሰዓት በፊት የተሠራ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። አዲሱና አሮጌው ደብዳቤ ተምታታባቸውና አሮጌውን አትመው ወሰዱ።

ሦስቱ መስመሮች

አሁን ሴቲንግስ ውስጥ ግቡ። ከዚያ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ከዚያ ላንጉጅ ኤንድ ሪጅን። አብዛኛው ችግር ያለው እዚህ አንድ ገጽ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዊንዶውስ ዲስፕሌይ ላንጉጅ ይላል። ይህ ስክሪኑ ላይ የምታነቡት ቋንቋ ነው። በሥርዓት የተሠራ ሶፍትዌር ቋንቋችሁን ለማወቅ የሚጠይቀው ይህንን ነው። አማርኛንም እዚህ መጨመር ይቻላል፤ ያልተተረጎመው ቦታ ግን በእንግሊዝኛ እየቀረ ዝንጉርጉር ይሆናል።

ዝቅ ስትሉ ካንትሪ ኦር ሪጅን አለ። ይህ የምትኖሩበት አገር ነው፤ ከቋንቋ ጋር ምንም አያገናኘውም። የማይክሮሶፍት ስቶር ምን እንደሚያሳያችሁ የሚያየው ለምሳሌ ይህንን ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ውስጡን አገሮችን በቁጥር ነው የሚያውቃቸው፤ ኢትዮጵያ 73፣ አሜሪካ 244 ናት።

ሦስተኛው ሪጅናል ፎርማት ነው። ስሙ ስለ ቀንና ቁጥር አጻጻፍ ብቻ የሚያወራ ይመስላል። በእርግጥም ዋና ሥራው ያ ነው። ነገር ግን ብዙ ሶፍትዌር ሠሪ ቋንቋንም ከዚህ ይወስዳል፤ ለምን እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። የልጅቷ ላፕቶፕ አንደኛው መስመር ላይ የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው ላይ ኢትዮጵያ፣ ሦስተኛው ላይ የኤምሬቶች ዐረብኛ ነበር። ከዱባይ ሲመጣ ቋንቋውን ቀየሩለት፣ አገሩን ቀየሩለት፣ ሦስተኛዋን ረሷት። የፕሪንተሩ መጫኛ ደግሞ መርጦ መርጦ የጠየቀው እሷን ነው።

ያያችሁትን በቁጥር ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስታርት ላይ ፓወርሼል የሚባለውን ሌላ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ፈልጋችሁ ክፈቱና «ጌት»፣ ሰረዝ፣ «ካልቸር» ብላችሁ ጻፉ። ሪጅናል ፎርማታችሁን ከነቁጥሩ ያወጣዋል። 1033 ከሆነ የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ 1118 ከሆነ አማርኛ፣ 1025 የሳዑዲ ዐረብኛ፣ 2052 የቻይና ነው። «ጌት»፣ ሰረዝ፣ «ዊንሆምሎኬሽን» ካላችሁ ደግሞ አገሩን ይሰጣችኋል፤ 73ን የምታዩት እዚያ ነው።

ዲስፕሌይ ላንጉጁን መቀየር እምቢ ካለ ወደ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ሂዱና የዊንዶውሱን ዓይነት እዩ። «ሆም ሲንግል ላንጉጅ» የሚል ከሆነ ስሙ እንደሚለው ባለ አንድ ቋንቋ ነው፤ እንደልብ አይቀያየርም። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ከባትሪው ቀጥሎ ይህችን መስመር ተመልከቱ።

ኦፊስና ብሮውዘር የራሳቸው የቋንቋ ምርጫ እንዳላቸውም አትርሱ። ዊንዶውሱ እንግሊዝኛ ሆኖ ዎርድ ብቻ በሌላ ቋንቋ ከመጣ፣ መጀመሪያ የዎርድን ኦፕሽንስ ነው ማየት።

ኤክሴልና ቀን

ይህኛው ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አለች። ከባንክ የምታወርደውን የሒሳብ መግለጫ በኤክሴል ትከፍተዋለች። ወር ሲዘጋ ሒሳቡ አልታረቅ ይላል። የገንዘቡ ድምር ልክ ነው፣ ቀኖቹ ግን ሌላ ወር ውስጥ ገብተዋል።

ፋይሉን አብረን ከፈትነው። የቀኑን አምድ ትኩር ብላችሁ ስታዩት ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ ተጠግቷል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ያልገባውን እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ። ባንኩ የጻፈው ቀንን አስቀድሞ ነው። የእሷ ሪጅናል ፎርማት ደግሞ አሜሪካ ነው፤ አሜሪካ ወርን ያስቀድማል። ስለዚህ 03/05/2025 የሚለውን ባንኩ ሜይ 3 ብሎ ሲጽፍ፣ ኤክሴል ማርች 5 ብሎ አነበበው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 የነበረው የካቲት 26 ሆነ ማለት ነው። 25/05/2025 ላይ ሲደርስ ደግሞ ሃያ አምስተኛ ወር የሚባል ስለሌለ ተወውና በግራ አስቀመጠው።

በግራ ያሉት አይጎዱም፤ ችግራቸው ይታያል። የሚያሳስቡት በቀኝ ያሉት ናቸው። ትክክል መስለው የተቀመጡ ስሕተቶች አሉባቸው።

ስታስተካክሉ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ኤክሴልን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ሪጅናል ፎርማቱን ቀንን ወደሚያስቀድም ቀይሩ፤ አማርኛ ኢትዮጵያ ይሆናል፣ የእንግሊዝ እንግሊዝኛም ይሆናል። ከዚያ ከባንክ ያወረዳችሁትን የመጀመሪያውን ፋይል እንደገና ክፈቱ። በኤክሴል አስቀምጣችሁት የነበረውን አሮጌ ቅጂ አይደለም! እሱ ውስጥ የተገላበጠው ቀን እንደተገላበጠ ነው፤ ሴቲንግ ቢቀየር አይመለስም። አምዱ በሙሉ ወደ ቀኝ ከተጠጋ ጨርሳችኋል።

እኔ ለቢሮ የምመርጠው የእንግሊዙን ነው። አማርኛውን ስትመርጡ የወሮቹ ስም በአማርኛ ፊደል ይመጣል፤ ግን መስከረም፣ ጥቅምት አይደለም፤ ማርች፣ ኤፕሪል ነው። የዊንዶውስ ሪጅናል ፎርማት የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቀውም። የሚያስቀው ብሮውዘሮች ያውቁታል። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ከፈለገ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አውጣልኝ ብሎ ብሮውዘሩን ማዘዝ ይችላል።

አማርኛው ሲበላሽ፦ ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክት ወይስ ኮተት?

ሰው ሲመጣ «አማርኛው ተበላሽቶብኛል» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ተበላሽቶ ምን መሰለ?» ብዬ ነው። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ፤ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው።

ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ከታየ ቀላሉ ነው። ፊደሉ አለ፣ የሚያሳየው ፎንት ግን የለም። የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት ጫኑ ወይም ምረጡ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፤ አሁን ያሉት ዊንዶውሶች ላይ ደግሞ ኤብሪማ አለ።

የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ኮተት ከሆነ፣ ፋይሉ በፓወር ግዕዝ ወይም በመሰል አሮጌ ፎንት የተጻፈ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ የአማርኛ ሥዕል እያለበሱ ነበር የሚጻፈው። ለኮምፒውተሩ ያ ጽሑፍ አማርኛ ሆኖ አያውቅም። የፎንቱን ልብስ ስታወልቁት ከሥር ያለው ኮተት ይታያል። እዚያው አሮጌ ፎንት ላይ መልሱት፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀይሩት። ሴቲንግ መነካካት ዋጋ የለውም።

ጥያቄ ምልክት በጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን የአገር ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ነው ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁት ሲስተም ሎኬል የሚያስፈልገው። ዩኒኮድ የማያውቁ አሮጌ ፕሮግራሞች ፊደል ሲያነቡ ሲስተም ሎኬሉ የሚሰጣቸውን የፊደል ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ። ዐረብኛ፣ ሩሲያኛ፣ ቻይንኛ እንዲህ ያለ የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። ለአማርኛ ዊንዶውስ እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ሀ»ን ሲያገኝ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣና ጥያቄ ምልክት ይተካበታል።

ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ አይ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤል፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል ብላችሁ ጻፉ። ሪጅን የሚል አሮጌ መስኮት ይመጣል። አድሚኒስትሬቲቭ የሚለውን፣ ከዚያ ቼንጅ ሲስተም ሎኬል የሚለውን ተጫኑ። ከታች ዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ አጻጻፍ ነው) ተጠቀም የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ከ2018 ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች ላይ የመጣች ናት። ምልክት አድርጉባትና ሪስታርት። ከአጠገቧ ቤታ ተብሎ የተጻፈው በከንቱ አይደለም፤ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ይነጫነጫል። ነገሩ ከባሰ ምልክቱን አንሱ። አንድ ጊዜ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ግን አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የሌለው ቦታ

ሁሉንም አስተካክላችሁ አንድ ድረ ገጽ ብቻ በፈረንሳይኛ መምጣቱን ካላቆመ፣ ነገሩ ላፕቶፑ ውስጥ የለም።

ድረ ገጽ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ብሮውዘራችሁ ገጹን ሲጠይቅ አብሮ የሚልከው የቋንቋ ዝርዝር ነው፤ የምትመርጡትን ቋንቋ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ክሮም ላይ ሴቲንግስ፣ ላንጉጅስ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ወይም እንግሊዝኛን ወደ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። ሁለተኛው የኢንተርኔት አድራሻችሁ፣ አይፒ የሚባለው ነው። እሱን የሚሰጣችሁ ኢንተርኔቱ ነው እንጂ ዊንዶውስ አይደለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። የቢሮውን ዋይፋይ ዝጉና ከስልካችሁ ዳታ ሆትስፖት ክፈቱ። ያው ገጽ አሁን በእንግሊዝኛ ከመጣ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ደንበኞች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ኢንተርኔታቸው መጀመሪያ አውሮፓ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ይደርስና ከዚያ ይወጣል። ድረ ገጹ ሰውየው እዚያ የተቀመጠ ይመስለዋል። ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም የከፈተ ሰውም እንዲሁ ነው። «ቪፒኤን ከፍተህ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «አይ፣ የለኝም» ብሎ፣ ብሮውዘሩ ላይ የቪፒኤን ምልክት ቁልጭ ብሎ የተቀመጠበት ሰው ስንት አለ!

ስልክ ላይ ሲም ካርዱም ይናገራል። እያንዳንዱ አገር የራሱ የሞባይል ኮድ አለው፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። ከእሱ ቀጥሎ 01 ካለ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ካለ ሳፋሪኮም ነው። አፑ ሲሙ የየት አገር እንደሆነና አሁን የያዘው ኔትወርክ የየት እንደሆነ ለየብቻ መጠየቅ ይችላል። የፕሌይ ስቶር አገር ደግሞ ከአካውንታችሁ ጋር ነው የታሰረው፤ ሲም በመቀየር አይቀየርም።

ሶፍትዌር ለምትሠሩ

የቋንቋ ኮድና የአገር ኮድ የተለያዩ ናቸው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ግን ሰው ይሳሳታል። አማርኛ እንደ ቋንቋ «ኤኤም» ነው፣ ኢትዮጵያ እንደ አገር «ኢቲ» ናት። ብታገላብጧቸውስ? ኤኤም እንደ አገር አርመንያ ናት። ኢቲ እንደ ቋንቋ የኢስቶኒያ ነው። ጓደኛዬ ለአንድሮይድ አፑ የአማርኛውን ትርጉም ሙሉ በሙሉ ሠርቶ ፎልደሩን «ኢቲ» ብሎ ሰየመው። አማርኛ የተመረጠበት ስልክ ሁሉ እንግሊዝኛውን ማሳየት ቀጠለ። ሁለት ቀን ኮዱን ሲመረምር ከረመ። ስልካችንን ኢስቶኒያኛ ስናደርገው አማርኛው ወለል ብሎ መጣ።

ሌላው፣ አገር አይታችሁ ቋንቋ አትፍረዱ። ሲሙ ኢትዮጵያ ስለሆነ አማርኛ ይሁን ማለት ስልኩን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያደረገውን ሰው መናቅ ነው። ስልኩን በአማርኛ አድርጎ ዋሽንግተን የሚኖርም አለ። ለቃላቱ የማሳያውን ቋንቋ ጠይቁ፣ ለቀንና ለቁጥር ሪጅናል ፎርማቱን፣ ለአገልግሎቱ አገሩን። መቀየሪያ ቁልፍም ስጡት።

ሊነክስ ላይ ከሆናችሁ ተርሚናል ውስጥ «ሎኬል» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁሉም ተዘርዝሮ ይመጣል። «ኤልሲ ኦል» የሚለው ከተሞላ ሌሎቹን ሁሉ ይሽራል። ላንግ የሚለውን ቀይራችሁ ምንም ካልተቀየረ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ይህን የአገር ጥያቄ የሚጠይቁት ጨዋ ፕሮግራሞች ብቻ አይደሉም። በ2008 የወጣው ኮንፊከር የሚባለው ቫይረስ የመጀመሪያው ዓይነት፣ የዩክሬን ኪቦርድ ያለበት ኮምፒውተር ሲያገኝ ትቶት ያልፍ ነበር።

ከመዝጋታችሁ በፊት አንዲት ቁልፍ

እስካሁን የቀየራችሁት አብዛኛው የሚሠራው ለእናንተ ዩዘር ብቻ ነው። በሌላ ስም ሲገባ፣ ወይም አዲስ ዩዘር ሲከፈት፣ ያ የዱባይ ፎርማት ተመልሶ ይመጣል። ከጀርባ የሚሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞችም የእናንተን ሳይሆን የሲስተሙን ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ወደዚያ አሮጌ የሪጅን መስኮት ተመለሱ። አድሚኒስትሬቲቭ ውስጥ ኮፒ ሴቲንግስ የሚል ቁልፍ አለ። ሲከፈት ከታች ሁለት ሳጥን ታያላችሁ፤ አንዱ ለመግቢያው ገጽና ለሲስተሙ፣ ሌላው ወደፊት ለሚከፈቱ ዩዘሮች። ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጉና ኦኬ በሉ።

ከዚያ ሪስታርት። ሪስታርት ሳታደርጉ ደውላችሁ «አልሠራም» እንዳትሉኝ።